የታወቁ ጉድለቶች ቤት

የይመኑ ልጅ ብርቄ ሞታለች። ሦስት ዓመቷ ነበር።

ይህ የሆነው ሰማይን በሚቆጥሩ ሰዎች አገር ነው። ሌላው አገር መሬቱን ለክቶ፣ ከብቱን ቆጥሮ ሲጨርስ ያርፋል። እነዚህ ግን መሬቱ አልበቃ አላቸውና ወደ ላይ ቀና አሉ። በከተማቸው መሀል ከፍ ያለ ሰገነት ሠሩ። በሰገነቱ ላይ አልጋ ደረደሩ፤ ከየአልጋው በላይ በእንጨት የተከፈፈ ትልልቅ መስታወት ሰቀሉ። ቆጣሪው በጀርባው ተንጋሎ በመስታወቱ ውስጥ ያየውን ኮከብ ሁሉ እየጮኸ ይቆጥራል፤ ከአልጋው ሥር የተቀመጠው ጸሐፊ ይጽፋል። ሰማዩ እንዲህ ቁራጭ በቁራጭ ተቆጥሮ አለቀ። መዝገቡን ከጎተራ በሚበልጥ ቤት አስገቡት፤ አገሩም «ከእንግዲህ ሰማይ የኛ ነው» አለ።

ቆጠራው የሰው ሥራ ነውና ጉድለት ነበረው። አንደኛው መስታወት ጭረት ነበረበት፤ ቆጣሪው ጭረቱን ረጅም የኮከብ ሰልፍ ብሎ አስመዘገበው። በሌላው መስታወት ላይ ሸረሪት ተቀምጣ ነበር፤ እሷም ተቆጠረች። በሳምንቱ ቦታዋ ላይ ስትታጣ ኮከብ ጠፋ ተብሎ ሐዘን ታወጀ። በሰማዩ ጥግ ያለችውን ጭጋግ መሳይ ብርሃን አንድ ትጉህ ቆጣሪ ቆራርሶ ስልሳ ኮከብ አደረጋት። ተጠጋግተው የሚኖሩ ሁለት ኮከቦች ደግሞ እንደ አንድ ተጻፉ፤ የቀረችው እስከ ዛሬ ያለ ስም ታበራለች።

የአገሩ ሰው ሞኝ አልነበረም። ጉድለቱን ሁሉ አንድ በአንድ ያውቀዋል። እንዲያውም ለዚሁ ሲባል ቤት ተሠራ፤ የታወቁ ጉድለቶች ቤት ተባለ። አንድ ጉድለት ተገኘ በተባለ ጊዜ ሹማምንቱ ይሰበሰባሉ፣ ይመረምራሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ በአንድ ድምፅ «ታወቀ!» ይላሉ። «ታወቀ» የተባለ ጉድለት ማዕረግ ያገኛል። ካባ ይሰፋለታል፣ ወንበር ይሰጠዋል። በየዓመቱ በጉድለቶች በዓል ከበሮ ይመታለታል። የተጫረው መስታወት በጃንጥላ ተጠልሎ አደባባዩን ይዞራል፤ ሕዝቡም እልል ይላል። ሕጉ አጭር ነው፦ የታወቀ ጉድለት አይታረምም። ያረመ ሹም ካባው ይገፈፋል። ካባ የሌለው ሰው ከሆነ ደግሞ የሚገፈፍ ነገር ይፈለግለታል።

አንድ መንገደኛ «ካወቃችሁት ለምን አታርሙትም?» ብሎ ጠይቆ ነበር ይባላል።

«ምን አድርጎን እናርመዋለን? እናውቀዋለን እኮ!» ብለው መለሱለት። መንገደኛው ውኃ ጠጥቶ መንገዱን ቀጠለ።

በዚያ አገር ልጅ ሲወለድ ከመዝገቡ አንድ ኮከብ ይሰጠዋል። ስሙና ኮከቡ አብረው ይጻፋሉ። ሰው ሲሞት ደግሞ ጨረቃ በማትወጣበት በመጀመሪያው ምሽት ቤተሰቡ የጥሪ ኮረብታ ላይ ይወጣና ወደ ኮከቡ ቀና ብሎ የሟቹን ስም ይጣራል። ሹሙ ኮከቡን ያያል። ኮከብ መቼም ይርገበገባል፤ ሲርገበገብ ሹሙ «ሰምቷል» ይላል። በቃ፣ ስሙ ለዘለዓለም የሟቹ ሆኖ ይቀራል። ሹሙ «ሰምቷል» ካላለ ግን ስሙ ወደ ስም ቅርጫት ይመለሳል፤ ለሚቀጥለው ሕፃን ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ሟቹን በዚያ ስም ማንሣት ክልክል ነው፤ ለእናቱም ጭምር። አንድ ሌላ ሕግም አለ፤ ሰው በሕይወት ሳለ ኮከቡን ለወደደው መስጠት ይችላል። ግን የሰጠ ሰው ራሱ ያለ ኮከብ ስለሚቀር የሚሰጥ ተገኝቶ አያውቅም።

ይመኑ ገመድ ገማጅ ነበር። ብርቄ ስትወለድ የደረሳት ኮከብ ከንጉሥ ኮከብ ጎን ነው ተባለ። የንጉሥ ኮከብ የሰማዩ አውራ ነው፤ ገና ሳይመሽ ይወጣል፣ ሌላውን ሁሉ ያደበዝዛል። ጎረቤቱ ቀናም፣ ቀለደም። «ይመኑ ከመኳንንት ጋር ተጎራበተ! ከእንግዲህ ገመድ በምን እጁ ይገምዳል?» አሉት። እሱና ሚስቱ አስካለ ኮከቧን አንድም ቀን አይተዋት አያውቁም። «የንጉሡ ብርሃን ጋርዷት ነው፤ ትንሽ ናት፣ ስታድግ ትታያለች» ስለተባሉ ዝም ብለው ጠበቁ። ብርቄ ግን የምትጠብቅ ልጅ አልነበረችም። ሲመሽ ጣቷን ወደ ፈለገችው ብርሃን ቀስራ «የኔ!» ትላለች። አንድ ማታ የጎረቤት ፋኖስ የእሷ ሆነ። አንድ ማታ የድመት ዓይን የእሷ ሆነ፤ ድመቷ ስትሸሽ «ኮከቤ ሄደች» ብላ አለቀሰች።

የቤታቸው በር መወርወሪያ ከፍ ያለ ነበር። ይመኑ ከጥጥ ቀጭን ገመድ ገምዶ ከመወርወሪያው ላይ አሰረና በበሩ ውስጥም ውጭም እስከ ጉልበቱ ድረስ አወረዳት። ብርቄ በገመዷ እየሳበች ራሷ ትከፍታለች፣ ራሷ ትዘጋለች። ቀኑን ሙሉ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። «በሩ ደከመው፣ አሳርፊው» ትላታለች አስካለ። አሁንም ገመዷ እዚያው ተንጠልጥላለች። ሁለቱም እጃቸውን ወደ ላይ ሰደው በሩን ይከፍታሉ። ስለ ገመዷ ተነጋግረው አያውቁም።

የጥሪው ምሽት ሲቃረብ ይመኑ «እስቲ ቀደም ብዬ ቦታዋን ልወቅ» ብሎ ኮረብታው ላይ ወጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የንጉሥ ኮከብ ወጥቶ ምሽቱ ሲጨልም አውራ ጣቱን ዘርግቶ ሸፈነው፤ ብርሃኑ ከዓይኑ ሲነሣ ከጎኑ ያለው ሁሉ መታየት ነበረበት። ከጣቱ በስተቀኝ ምንም የለም። በስተግራም የለም። ከላይም ከታችም ጥቁር ሰማይ ብቻ ነው። ጣቱን ቀይሮ ሞከረ። ያው ነው።

በማግስቱ ጠዋት የታወቁ ጉድለቶች ቤት ሄደ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። በር ላይ የቆመው አጋፋሪ ለገባ ሰው ሁሉ የወረፋ ሸክላ ይሰጣል፤ ሰውም ሸክላውን ይዞ በረንዳው ላይ በተደረደረው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ይመኑ ተቀመጠ። ከጎኑ ያሉ ወፈር ያሉ ሴትዮ ጥቂት ቆይተው ተነሡና ከበረንዳው ማዶ ባለ ባዶ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ተመለሱ። እንደገና ሊነሡ ሲሉ ይመኑ አላስቻለውም።

«እናቴ፣ በርጩማው አልተመችዎትም እንዴ?»

«ተመችቶኛል። ያኛውም የኔ ነው።»

«ሁለት ወረፋ ያዙ?»

«ልያዝ እንጂ ምን ላድርግ? ሁለት ነኝ።» ሁለት ሸክላ ከመቀነታቸው አውጥተው አሳዩት። «ደብሪቱ እባላለሁ። ያቺኛዋም ደብሪቱ ናት። አትቀመጥም ብለው ወረፋዋን እንዳይቀሟት እየሄድኩ እቀመጥላታለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የወይዘሮ ደብሪቱ ኮከብ የምትገኘው ሁለት መስታወቶች ጠርዝ ለጠርዝ በሚደራረቡበት ቦታ ላይ ነው። በግራ አልጋ የተኛው ቆጣሪ ቆጠራት። በቀኝ አልጋ የተኛውም ቆጠራት። ሁለቱ ተኳርፈው ስለነበር «ይህችን ቆጥረሃል ወይ?» የተባባለ የለም። ደብሪቱ ተወልደው ኮከቧ ሲሰጣቸው መዝገቡ ላይ ሁለት ሆና ተገኘች። «ታወቀ!» ተባለ። መዝገቡን ማረም ስለማይቻል ሕፃኗን ሁለት አድርገው ጻፏት።

«መንገድ ጥረጉ ሲባል ጠዋት አንደኛዋ ሆኜ እጠርጋለሁ፣ ከሰዓት ሁለተኛዋ ሆኜ እጠርጋለሁ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «አንድ ጊዜ አንደኛዋ ታመመች ብዬ ብቀር ሁለተኛዋን ምስክር አድርገው ጠሯት። ቆሜ መሰከርኩ። 'አዎ፣ አልጋ ላይ ትታ ነው የመጣኋት' አልኩ።»

«አመኑዎት?»

«እንዲያውም 'እግዚአብሔር ይማራት' ብለው ላኩኝ። መቼም ችግሩ ብቻ አይደለም፣ በበዓል ቀን ሁለት ሳህን ይደርሰኛል። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ 'ሁለት ሴት አግብቼ የምበላው አንድ ወጥ ነው' እያለ ያማርር ነበር።»

ይመኑ ሳቀ። ልጁ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር፤ ሳቁን ሲሰማ ሌላ ሰው የሳቀ መስሎት ዞር አለ።

«አንተስ ምን ሆነህ መጣህ?»

«ልጄ ሞታብኛለች እትዬ። ኮከቧን ብፈልግ አጣኋት።»

 ወይዘሮ ደብሪቱ ከሁለቱ ሸክላዎች አንዱን መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«እንካ፣ በኔ ተራ ግባ። እኔ ሌላ አለኝ።»

የጉድለቶቹ ቤት አለቃ ሊቀ ጉድለት ወልደአረጋይ ይባላሉ። አዳራሻቸው ካባ በለበሱ ባዶ ወንበሮች የተሞላ ነው፤ በየወንበሩ አንድ የታወቀ ጉድለት ተቀምጧል። የገባ ሰው ሁሉ ከመናገሩ በፊት ለሁሉም እጅ መንሣት አለበት። ይመኑ ለጭረቱ እጅ ነሣ። ለሸረሪቷ እጅ ነሣ። ለስልሳው የጭጋግ ቁራጭ አንድ ረጅም አግዳሚ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ወገቡን እያሻሸ ለእነሱም ነሣ።

«ጌታዬ፣ የልጄ ኮከብ የለችም» አለ።

«የት ነበረች?»

«ከንጉሥ ኮከብ ጎን።»

የሊቀ ጉድለት ፊት በራ። «ፍንጣቂ ናታ! እንኳን ደስ ያለህ!»

«ፍንጣቂ ምንድን ነው?»

ሊቀ ጉድለት እጁን ይዘው በአዳራሹ ራስ ወዳለው ትልቅ ወንበር ወሰዱት። ካባው በወርቅ ክር የተጠለፈ ነበር። «የጉድለቶቻችን ሁሉ አባት ይህ ነው» አሉ በኩራት። «የንጉሥ ኮከብ ብርሃኑ ከመብዛቱ የተነሣ መስታወቱ ላይ ይፈናጠቃል። በዙሪያው ጠብ ጠብ ያለ ትንንሽ ብርሃን ይታያል። ቆጣሪው ያንን ኮከብ መስሎት ቆጠረ። ግን ኮከብ አይደሉም፤ የእሱው ነጸብራቅ ናቸው። እሱ ባይኖር እነሱም የሉም። ይህንን ከአያቴ ዘመን ጀምሮ እናውቃለን።»

«ካወቃችሁ ለልጄ ለምን ሰጣችኋት?»

«መዝገብ ላይ አለቻ።»

«ሰማይ ላይ የለችም እኮ።»

«እሱም ይታወቃል።»

«እንግዲያው ይቺን ፍቁልኝና ያለችውን ስጡኝ።»

ሊቀ ጉድለት ደንግጠው የወንበሩን ካባ ጆሮ ያለው ይመስል በሁለት እጃቸው ሸፈኑት። «ቀስ ብለህ ተናገር! ከመኳንንቱ ግማሹ የሰፈረው ፍንጣቂ ላይ ነው። አንዷን ብፍቅ ሌሎቹን ምን ልላቸው ነው?»

«መኳንንቱ ሲሞቱስ? በጥሪው ምሽት ምን ይባላል?»

«ሰምተዋል ይባላል።»

«ኮከብ ሳይኖር?»

«ለመኳንንት ሲሆን ዓይኔ ይጠራል» አሉ ሊቀ ጉድለት፤ ሲናገሩት ዛሬ ነፋስ አለ እንደሚል ሰው ነበር።

«ለኔም ልጅ ይጥራላ።»

«ካባ አላት?»

«ሦስት ዓመቷ ነው ጌታዬ።»

«አየህ እንግዲህ።» የይመኑን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ስሟ እኮ የትም አይሄድም። ብርቄ ጥሩ ስም ነው፤ ሳምንት ሳይሞላው ሌላ ሕፃን ይጠራበታል። ለበዓሉ ግን እንዳትቀር። ዘንድሮ ፍንጣቂዎች ሰልፉን ይመራሉ። ጃንጥላውን አንተ እንድትይዝ አደርጋለሁ።»

ይመኑ ለወንበሮቹ ሁሉ እጅ እየነሣ ወጣ።

ወይዘሮ ደብሪቱ በር ላይ ቆመው ነበር። የእሳቸው ጉዳይ በሌላ ሹም ዘንድ አልቆ ነበር፤ ሁለተኛዋ አንደኛዋን ትወክል ዘንድ ፈቃድ ጠይቀው፣ ሁለቱም ቀርበው ካልጠየቁ አይሆንም ተብለዋል። የይመኑን ፊት አይተው አብረውት ቤቱ ድረስ ሄዱ። በር ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ደብሪቱ ቀደም ብለው ትንሿን ገመድ ያዙ።

«እሷን አይንኳት እትዬ» አለ ይመኑ። «የሚከፈተው ከላይ በመወርወሪያው ነው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ገመዷን ለቀቁ። የታሰረችበትን ቁመት አዩ። 

አስካለ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። ይመኑ የሰማውን ሁሉ ነገራት።

«ስሟን ለሌላ ልጅ ሊሰጡት?»

«አዎ።»

«እኔ ብርቄ ብል እቀጣለሁ?»

«ሕጉ እንዲያ ነው።»

«ጥሪው ነገ ማታ ነው እኮ።»

«ነገ ማታ ነው።»

ባቄላው ብቻ ሳህኑ ላይ ኳ ኳ ይላል። ወይዘሮ ደብሪቱ ዝምታ አይሆንላቸውምና ሊያጫውቷት ፈልገው የራሳቸውን ጉድ አወሩላት፤ መጥረጊያውን፣ ምስክርነቱን፣ ሁለቱን ሳህን። አስካለ ሳትስቅ አዳመጠች።

«ኮከቦቹ ግን በሰማይ ስንት ናቸው?» አለች።

«አንድ ናት እንጂ። ማታ ማታ ከጥሪ ኮረብታው ዋርካ በላይ የምትወጣዋ፣ ቀላ የምትለዋ።»

«ትታያለች?»

«ዕውር ካልሆነ በቀር ሁሉም ያያታል።»

«በመዝገብ ግን ሁለት ናቸው። ሁለቱም የእርስዎ።»

«ሁለቱም የኔ።»

አስካለ እጇን ከባቄላው አነሣች። «እንግዲያው አንዷን ይስጡን።»

ይመኑ ሚስቱን አየ። ወይዘሮ ደብሪቱ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ኧረ አንቺ ልጅ! አይሆንም ይሉናል።»

«ምን ብለው ነው አይሆንም የሚሉት?»

ወይዘሮ ደብሪቱ ሊመልሱ ጀመሩና ተዉት። ይመኑም አሰበ። የሚባል ነገር አልተገኘም። ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ፤ መጀመሪያ ይመኑ ፈገግ አለ፣ ቀጥሎ አስካለ። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን አልሳቁም፤ የነጠላቸውን ጫፍ ይጠመዝዙ ነበር።

«ሁለቱ ሳህን ይቅርብኝ ግድ የለም» አሉ። «ግን ባለቤቴ ሲቆጣ የሚቆጣው አንደኛዋን ነበር። ንዴቱ ሲበርድለት ደግሞ 'በይ ሁለተኛዋን ጥሪልኝ' ይለኛል። ቀሚስ ቀይሬ እመጣለሁ። ስናወራ እናመሻለን። በደስታ ያኖራት ሁለተኛዋን ነው። እሷን ሰጥቼ ከዚያች ቁጣ ከለመደችው ጋር ልቅር?» ተነሡ። «ልደርበት። ነገ ከመጣሁ መጣሁ ነው። ካልመጣሁ አትቀየሙኝ።»

«አንቀየምዎትም» አለች አስካለ።

በማግስቱ ወደ ማታ ሰው ሁሉ ኮረብታው ላይ ወጣ። በዚያ ወር ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች በተራ ቆሙ። ሊቀ ጉድለት ካባቸውን ለብሰው ጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው የስም ቅርጫቱ ተቀምጧል። ፀሐይ ገብታ ኮከቦቹ ብቅ ብቅ ሲሉ ጥሪው ተጀመረ። አንድ ሽማግሌ ተጠሩ፤ ሰሙ። አንዲት አራስ ተጠራች፤ ሰማች። አንድ ባለ ካባ ከንጉሥ ኮከብ ጎን ተጠሩ፤ ሊቀ ጉድለት ወደ ባዶው ሰማይ ቀና እንኳ ሳይሉ «ሰምተዋል» አሉ።

ይመኑ ወደ መውጫው መንገድ ያያል። ከዋርካው በላይ ቀላ ያለችው ኮከብ ወጥታለች። ወይዘሮ ደብሪቱ የሉም።

«የገመድ ገማጁ የይመኑ ልጅ፣ ብርቄ!» አሉ ሊቀ ጉድለት። «ኮከቧ ከንጉሥ ኮከብ ጎን። ጥራ።»

ይመኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

«ጥራ እንጂ ሰውዬ! አትጠራም?» አሉና ሊቀ ጉድለት እጃቸውን ወደ ቅርጫቱ ክዳን ሰደዱ።

«ቆዩ! ቆዩ! መጣን! ሁለታችንም መጣን!»

ወይዘሮ ደብሪቱ እያለከለኩ ዳገቱን ወጡ። በቀኝ ትከሻቸው አንድ ነጠላ፣ በግራ ትከሻቸው ሌላ ነጠላ ጣል አድርገዋል። ሕዝቡን ሰንጥቀው መጥተው ከሊቀ ጉድለት ፊት ቆሙ።

«እኔ ደብሪቱ፣ አንደኛዋ፣ ምስክር ነኝ» አሉ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ተራመዱና ቀጠሉ። «እኔ ደብሪቱ፣ ሁለተኛዋ፣ ኮከቤን ለይመኑ ልጅ ለብርቄ ሰጥቻለሁ።» ተመልሰው ወደ መጀመሪያው ቦታ ቆሙ። «ስትሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ኮረብታው በሳቅ ተናጋ። ሊቀ ጉድለት ግን አልሳቁም።

«ይሄ አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም ጌታዬ?» አለ ይመኑ። «ኮከብ መስጠት ሕግ ነው።»

«የሰጠ ሰው ያለ ኮከብ ይቀራል።»

«ሁለተኛዋ ትቅር። አንደኛዋ አላት» አለች አስካለ።

«ሁለት ከሆኑ አሳዪኝ!» አሉ ሊቀ ጉድለት ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ዞረው። «የትኛዋ ናት የአንቺ፣ የትኛዋ ናት የልጅቷ?»

ወይዘሮ ደብሪቱ ጣታቸውን ወደ ቀይዋ ኮከብ ቀሰሩ። «ያቻትና፣ ያቺ የኔ።» ጣታቸው ከነበረበት አልተነቃነቀም። «ያቺ ደግሞ የልጅቷ።»

«ጣትሽ አልተንቀሳቀሰም እኮ!»

«ቆጣሪዎቻችሁ ሁለት ጊዜ ሲቆጥሯት ኮከቧ ተንቀሳቅሳ ነበር?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ኮከብሽ አንድ…»

ሊቀ ጉድለት እዚህ ላይ አፋቸውን ያዙ። ሳቁ ቆመ። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ያንን ቃል ቢጨርሱ በሕዝብ ፊት አንድ የታወቀ ጉድለት አረሙ ማለት ነው። ጃንጥላ ያዡ እንኳ በዓይኑ ካባውን መለካት ጀምሮ ነበር።

«አንድ ምን ጌታዬ?» አለ ይመኑ በትሕትና።

ሊቀ ጉድለት ካባቸውን በአንገታቸው ላይ ጠበቅ አደረጉ። «አንድ ጊዜ ከተሰጠች… አንድ ጊዜ ከተሰጠች አትመለስም ልል ነው።»

«አንመልሳትም» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «ሁለታችንም።»

ሊቀ ጉድለት እጃቸውን ከቅርጫቱ ላይ አነሡ። «ጥራ» አሉት ይመኑን።

ይመኑ ወደ ዋርካው ዞረ። ከሞተች ጀምሮ ስሟን ጮክ ብሎ ጠርቶ አያውቅም። እንዴት እንደሚጠራ ቸገረው፤ ለሐዘን የሚሆን ድምፅ አልነበረውም። የሚያውቀው ራት ሲደርስ ከደጅ የሚጠራትን ድምፅ ብቻ ነው። በእሱ ጠራት።

«ብርቄ!»

ጥሪው ከማዶው ተራራ ነክቶ ተመለሰ። ወይዘሮ ደብሪቱ ዕድሜ ልካቸውን ለሁለት ሰው ሲመልሱ የኖሩ ናቸውና ሳያስቡት «አቤ…» ብለው ጀመሩ፤ አስካለ በመዳፏ አፋቸውን ያዘች። ቀይዋ ኮከብ ረገብ አለች፤ ደግሞ ደመቀች።

ሊቀ ጉድለት ቀና ብለው ያዩ ነበር። ብዙ ቆዩ። ሰው አሁንስ ሐሳባቸውን ለወጡ ብሎ ሲሠጋ፣ «ሰምታለች» አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ይመኑ ብቻ እንዲሰማ፣ «እውነቴን ነው። ዛሬ ዓይኔ መጥራት እንኳ አላስፈለገውም» አሉት።

በመዝገቡ ምንም አልታረመም። ፍንጣቂው ፍንጣቂ ነው፣ ጭረቱም ጭረት ነው፤ ዋርካው ላይ ያለችውም አንዷ ኮከብ ሁለት እንደሆነች አለች። ልዩነቱ አሁን በእርግጥ የሁለት ሰው መሆኗ ነው።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ወይዘሮ ደብሪቱ አንዱን ነጠላ አውልቀው አስካለን አለበሷት። «ከእንግዲህ ባለ አንድ ሳህን ነኝ» አሉ።

«ሁለተኛውን እኛ ቤት ይበላሉ» አለች አስካለ።

«ይበላ እንጂ ምን ይሆናል! እኔን ያሳሰበኝ ባለቤቴ ነው። እዚያ ሆኖ 'ሁለተኛዋን ጥሩልኝ' ሲል የሦስት ዓመት ልጅ ትመጣበታለች። ምን እንደሚል በሰማሁ!»

«'የኔ!' ትለዋለች» አለ ይመኑ። «ጣቷን ቀስራ።»

«ተገላገልኩ፣ ትጠብቀው እንግዲህ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። ሦስቱም እየሳቁ ወረዱ፤ አስካለ በሳቁ መሀል አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

ወይዘሮ ደብሪቱን ቤታቸው አድርሰው ሲመለሱ አስካለ እጇን ወደ ላይ ሰዳ መወርወሪያውን ከፍታ ቀድማ ገባች። ይመኑ ደጅ ላይ ጥቂት ቆይቶ ተከተላት። በሩን ሊዘጋ እጁን ወደ ላይ ሰደደና መለሰው። ከዚያ ጎንበስ አለ፤ ትንሿን ገመድ ይዞ ሳባትና በሩን ዘጋ።